«የፋብሪካ ስህተት ነው» ከማለት በፊት፦ የአሮጌ ማስል ካር ኦርጅናልነት እንዴት ይመረመራል?

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ለዓመታት የቆመች የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ነበረች። መኪናዋን ከአባታቸው የወረሱት እትዬ ሊሸጧት አስበው ሁለት ደላሎች ጠርተው ነበር። አንደኛው ደላላ ፓራፋንጎው ላይ «ሙስታንግ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ሲገባው «ቲ-5» የሚል ትንሽ ምልክት ሲያይ «ይኼ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «የለም፣ የፋብሪካ ስህተት ነው፤ ብርቅ ስለሆነ እጥፍ ያወጣል» ሲል ተከራከረው። ሁለቱም ተሳስተዋል። «ሙስታንግ» የሚለው ስም በምዕራብ ጀርመን አስቀድሞ በክሩፕ ኩባንያ እጅ ስለነበር፣ ፎርድ ለዚያ ገበያ የሚያቀርባቸውን መኪኖች የስም ጽሑፋቸውን አንሥቶ «ቲ-5» በሚል ምልክት ይሸጣቸው ነበር። የእትዬ አባት መኪናዋን የገዟት ጀርመን አገር ሲማሩ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ ቅጥያም ስህተትም ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው።

በአሮጌ መኪና ላይ እንግዳ ነገር ሲገኝ «የፋብሪካ ነው» ወይም «የጋራዥ ነው» ብሎ ለመፍረድ ምን መታየት እንዳለበትና በምን ቅደም ተከተል መታየት እንዳለበት ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ስጽፍ በሐሳቤ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው እዚሁ አዲስ አበባ የቤተሰብ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ቨርጂኒያ ተቀምጦ ማስል ካር (ትልቅ ሞተር የተጫነበት የድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪና) ለመግዛት የሚያስብና ፎቶግራፍ በቴሌግራም እየላከ «ምን ትላለህ?» የሚለኝ ዘመዴ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ሁለተኛው ሰው የገዛውን ይዞ ሊገባ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሰው ግቢ ያለው መኪና ደግሞ ምትክ የሌለው ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የመኪኖቹ ዓመትና ወር ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አሮጌ ሊብሬ ላይ የተሠራበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን ያላስተዋለ አንድ ገዢ «1958 ሞዴል መኪና ላይ የ1966 ሞተር ገጥመውበታል» ብሎ ሊጣላ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ማስል ካር የምንለው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ መካከለኛ መጠን ባለው አካል ላይ ትልቅ ቪ-ኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር እየተጫነ፣ ወጣት ገዢ በሚደፍረው ዋጋ የተሸጠውን መኪና ነው፤ ብዙ ሰው መነሻ የሚያደርገው የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ሙስታንግን ከዚህ ጎራ የማያስገቡ አሉ፤ የምርመራው ዘዴ አንድ ስለሆነ እዚህ አልከራከርበትም።

እነዚህ መኪኖች ዛሬ እንደ ዕንቁ ቢታዩም ሲሠሩ እንደ ዳቦ ነበር የሚወጡት። በጊዜው በተለመደ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ በሰዓት 60 ያህል መኪና ይወጣ ነበር፤ ይህም አንድ ሠራተኛ ለአንድ መኪና የነበረው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነበር ማለት ነው። በኦሃዮ የነበረው የጀነራል ሞተርስ የሎርድስታውን ፋብሪካ ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 100 ካደረሰ በኋላ ሠራተኞቹ በ1972 ሥራ ማቆማቸው የታወቀ ታሪክ ነው። በአንድ መስመር ላይ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤተሰብ መኪና ተከትሎ ባለ ትልቅ ሞተር የሩጫ መኪና ይመጣል፤ ሠራተኛው ከመኪናው ጋር የሚጓዘውን የትእዛዝ ወረቀት በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ከሳጥን ምልክት ያነሣና ይገጥማል። እጁ ወደ ጎረቤቱ ሳጥን ቢገባ፣ መኪናው በሚቀጥለው ደቂቃ ከፊቱ አልፏል።

ይሁን እንጂ በአንድ ስም «ስህተት» የሚባለው ነገር በውስጡ ብዙ ዓይነት አለው። እውነተኛው ስህተት ትእዛዙ አንድ ነገር እያለ ሌላ ነገር ሲገጠም ነው፤ በቀኝና በግራ ጎን የተለያየ ምልክት መገኘቱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የወረደ የቀለም ጠብታ፣ በብሩሽ የተዝረከረከ የመገጣጠሚያ ማሸጊያ፣ የሞተሩ ቀለም ጭስ ማውጫው ላይ መነፋቱ፣ የበሩና የፓራፋንጎው ክፍተት አለመመጣጠኑ ግን ስህተት ሳይሆን የዘመኑ የሥራ ልማድ ነው፤ እንዲያውም አንዱም ሳይገኝ ሲቀር ነው መጠራጠር የሚገባው። በዓመቱ መካከል የሚደረግ የዕቃ ለውጥም አለ፤ አዲሱ ዕቃ መጥቶም አሮጌው እስኪያልቅ ይገጠም ስለነበር፣ በአንድ ሳምንት የተሠሩ ሁለት መኪኖች በአንድ ቡሎን ወይም በአንድ መብራት ቢለያዩ ማንም አልተሳሳተም። እንደ ቲ-5 ያለው የውጭ ገበያ ልዩነት ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መኪናው ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነው። በዚህ ላይ ገዢዎች ሲቸኩሉ አያለሁ። በፔንሲልቬንያ የነበረው የየንኮ ሼቭሮሌት መሸጫ በ1967 እና በ1968 ካማሮዎች ላይ 427 ኪዩቢክ ኢንች (የሞተር መጠን መለኪያ ነው) ሞተር ራሱ እየገጠመ ይሸጥ ነበር፤ በ1969 ግን ያንኑ ሞተር ፋብሪካው በልዩ ትእዛዝ ገጥሞ ይልክለት ጀመር። ስለዚህ «ሞተሩ ከመኪናው ጋር አብሮ አልተወለደም» የሚለው ቃል ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ወረቀት ገጠመው የሚለው ነው የሚለየው። ሠራተኞች በር ውስጥ ትተውታል ስለሚባለው የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ብዙ ይወራል፤ ወሬው ከጠርሙሶቹ የበዛ ይመስለኛል።

ጨርቅና ቤንዚን ከማንሣት በፊት

የመጀመሪያው ሥራ አለማጠብ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ኮፈን ከፍቼ፣ በሞተሩና በክሩስኮቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በወፍራም ቢጫ እርሳስ የተጻፉ ሁለት ምልክቶች አየሁ። የሆነ ልጅ የሞነጫጨረው መስሎኝ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት። የመስመር ተቆጣጣሪዎች «አይቼዋለሁ» ለማለት በእርሳስና በቀለም ምልክት ያደርጉ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ያ መኪና ከዚያ ቀን በፊት ለ40 ዓመት ያህል ይዞት የቆየውን ምስክር እኔ በአንድ ደቂቃ አጠፋሁበት። ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣሁትም።

ስለዚህ መኪናው ከነአቧራው፣ ከነሸረሪት ድሩ ይቁም። የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ የእጅ ባትሪ፣ የጥርስ ሐኪም የሚይዘውን የመሰለ ትንሽ መስታወት፣ ቀለም እንዳይቧጭር በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ስልክና ደብተር፤ ከተገኘ ደግሞ የቀለም ውፍረት መለኪያ። እያንዳንዱ ነገር ሦስት ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣ፦ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ የት እንዳለ እንዲታወቅ፤ ቀጥሎ ከቅርብ፤ በመጨረሻም መጠኑ እንዲታወቅ የአንድ ብር ሳንቲም ከጎኑ ተደርጎ። የሚፈታ ቡሎን ሁሉ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በተጻፈበት ከረጢት ይግባ። ቡሎኖችን በአንድ ጣሳ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ መካኒክ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ወረቀት ይፈለግ። የመገጣጠሚያ መስመሩ የትእዛዝ ወረቀት ከኋላ መቀመጫው ሞላ ጋር ተጠላልፎ፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ተጣብቆ፣ ከበር ጨርቁ ጀርባ ወይም ከምንጣፍ ስር ሊገኝ ይችላል። ሲገኝ መጀመሪያ ባለበት ቦታ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዚያ ሳይጎተት፣ ሞላው እየተከፈተ ይውጣና በሁለት ጥርት ያሉ ፕላስቲኮች መካከል ይቀመጥ። ላሚኔት ማድረግና በካውያ መተኮስ ወረቀቱን ለዘለዓለም ያበላሸዋል። የተገኘው ወረቀት የዚያው መኪና መሆኑም ወዲያው ይጣራ፤ ሠራተኞች የአንዱን መኪና ወረቀት ሌላው መኪና ውስጥ መጣላቸው የተለመደ ነበርና፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለጎረቤቱ መኪና ነው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

የ1966 ሙስታንግ የሻንሲ ቁጥር ማንበብ ለሚችል ሰው አጭር ታሪክ ነው። የመጀመሪያው 6 ዓመቱ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን ይናገራል፤ ኤፍ ዲርቦርን፣ አር ሳን ሆዜ፣ ቲ ደግሞ መታቸን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የአካሉን ዓይነት ይገልጻሉ፤ 07 ጠንካራ ጣሪያ ያለው፣ 08 ጣሪያው የሚታጠፍ፣ 09 ጀርባው ተዳፋት የሆነው ፋስትባክ ነው። ከዚያ የሚመጣው ፊደል ሞተሩን ይለያል፤ ቲ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ሲ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንቹ ቪ-ኤይት ከሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር ጋር፣ ኤ ባለ አራት ጉሮሮው፣ ኬ ደግሞ ኃይለኛውና በጣም የሚፈለገው ነው። ቁጥሩ በግራ በኩል ባለው ውስጠኛ ፓራፋንጎ ላይኛ ጠርዝ ላይ የተመታ ሲሆን፣ ከውጭው ፓራፋንጎ ስር ተሸፍነው የሚቀሩ ሌሎች ምቶችም አሉ፤ እነዚህን ለማየት ፓራፋንጎ መፍታት ቢያስፈልግም በተጠረጠረ መኪና ላይ ድካሙ አይቆጭም። በሾፌር በር ጠርዝ ላይ በሪቬት የተያዘችው ሳህን ቀለሙን፣ የመቀመጫውን ጨርቅ፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና የተሠራበትን ቀን ትዘረዝራለች፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሳህን በአዲስ ተሠርቶ የሚሸጥ፣ በርም ከመኪና ወደ መኪና የሚዛወር ስለሆነ፣ ሳህኗ ከብረቱ ጋር ስትስማማ ብቻ ናት የምትታመነው።

ከ1967 ጀምሮ ለተሠሩ ፎርዶች የፋብሪካውን የምርት መዝገብ በፈቃድ የያዘው ማርቲ አውቶ ወርክስ በክፍያ ሪፖርት ይሰጣል፤ ለፖንቲያክም ፒኤችኤስ የሚባለው አገልግሎት አለ። የ1966ቷ ሙስታንግ ከዚያ መዝገብ በአንድ ዓመት ቀድማ ስለተወለደች፣ ከራሷ ብረት በስተቀር የሚመሰክርላት የለም። ለዚህ ነው በእርሷ ላይ እያንዳንዱ ጠብታ የሚቆጠረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ቀን ነው። ሞኖብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል)፣ ቴስታታ (የሞተሩ ላይኛ ክዳን)፣ የጭስ ማውጫ እጅ፣ የካምቢዮ ቤት፣ መስታወት ሳይቀር የተሠሩበት ቀን አለባቸው። ፎርድ ብረት ሲያፈስስ መጀመሪያ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር፣ ከዚያ ለወሩ ፊደል፣ ከዚያ ቀኑን ያስቀምጣል፤ የወሮቹ ፊደል ከኤ እስከ ኤም ሲሆን አይ ከ1 ጋር እንዳይምታታ ተዘልላለች። ጀነራል ሞተርስ ግን በፊደሉ ይጀምርና ቀኑንና ዓመቱን ያስከትላል፤ አይንም አይዘልም። በዚህ ምክንያት መስከረም በአንዱ ጄ፣ በሌላው አይ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የፎርድን ሰንጠረዥ ይዞ ሼቭሮሌት የሚመረምር ሰው በአንድ ወር ይሳሳታል። ዕቃው ከመኪናው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ወራት ቀድሞ መሠራቱ የሚጠበቅ ነው።

የቨርጂኒያው ዘመዴ አንድ ጊዜ የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ ፎቶግራፎች ላከልኝ። ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ነው ተብሎ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በግድግዳው ላይ ያለችው ሳህን «03ሲ» ትላለች፤ ይኸውም የመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ሞኖብሎኩ «ዲ 14 0» ይላል፤ ሚያዝያ 14 ቀን 1970። ሻጩ ለዚህ መልስ ነበረው፦ «የፋብሪካ ስህተት ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ይሳሳቱ ነበር።» እውነት ነው፣ ይሳሳቱ ነበር፤ ነገር ግን ፋብሪካ የተሳሳተ ምልክት፣ የተሳሳተ ቀለም፣ የተሳሳተ ቡሎን ይገጥማል እንጂ በሚቀጥለው ወር የሚፈሰውን ብረት ሊገጥም አይችልም። በሼቬል ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ከ1969 እስከ 1971 ኤስኤስ ተጨማሪ የትእዛዝ ጥቅል ስለነበር፣ የሻንሲ ቁጥሩ ኤስኤሱን ከተራው ባለ ቪ-ኤይት ማሊቡ አይለየውም። 450 የፈረስ ጉልበት ያለውን ዝነኛ ሞተር ለመመስከር የትእዛዝ ወረቀት ወይም ከሞተሩ ጋር የተስማማ ምት ያስፈልጋል።

ምቱ የሚገኘው በቀኙ ቴስታታ ፊት ለፊት በምትወጣው የሞኖብሎክ ምላስ ላይ ነው። በዚያች ምላስ ላይ ፋብሪካው ብረቱን ሲያስተካክል የተዋቸው፣ በባትሪ ብርሃን በጎን ሲታዩ የሚታዩ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች አሉ። ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና ከተመታ መስመሮቹ ይጠፋሉ ወይም አቅጣጫቸው ይለወጣል። ፊደሎቹ ጠማማ መሆናቸው፣ አንዱ ጠልቆ ሌላው መሳሳቱ ግን የሚያስጠረጥር አይደለም፤ ሠራተኛው በመዶሻ ነበርና የሚመታው። እኔ በጣም ያማረ፣ በመስመር የተሰለፈ ምት ሳይ ነው የምጠነቀቀው። የተፋቀ ቁጥር ካገኙ ደግሞ አይንኩት፣ «ላስተካክለው» የሚል ሰውም አያስጠጉ፤ ሊብሬውንም ባለቤቱንም አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ሥራ ለመለማመድ ማስል ካር አያስፈልግም። በከተማችን እስካሁን የሚሽከረከረው ቮልስ ጥሩ መማሪያ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ስር ይገኛል፣ የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው በሚቀመጥበት እግር ስር ነው፣ በቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየምም ከፋብሪካ መዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ብረቱና ቀለሙ

ወደ ሙስታንጓ ልመለስ። እትዬ መኪናዋን ለገዢ ከማሳየታቸው በፊት ቀለም ሊያስነኩ ፈልገው አንድ ቀለም ቀቢ ጠርተው ነበር። በሾፌሩ በኩል፣ በሩ ሲከፈት ከላይኛው ማጠፊያ ስር፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል የቀለም ጠብታ ወርዳ ደርቃለች። ቀቢው በጣቱ ዳሰስ አደረጋትና «እትዬ፣ ይኼን ጠብታ በብርጭቆ ወረቀት ላንሣልዎ፤ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሲያዩት ያሳፍራል» አላቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሰውየውም ሙያውን ያውቃል። ይሁን እንጂ ያቺ ጠብታ ያለፈችው በማጠፊያው ቡሎን ጫፍ ላይ ነበርና፣ ቡሎኑ ከተቀባ ወዲህ ተፈትቶ አያውቅም ማለት ነው። ቡሎኑ ካልተፈታ በሩ አልወጣም፤ በሩ ካልወጣ የበሩ ሳህን የዚያችው መኪና መሆኗ የበለጠ ይታመናል። አንዲት ጠብታ የሳህኗን ምስክርነት ተሸክማ ነበር። እንዲተዋት ለመንኩት፤ ተዋት።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለ ሥራው ይቀላል። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው በ100 እና በ150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) አካባቢ ይገኛል፤ 300 ሲደርስ እንደገና መቀባቱን፣ ከ1,000 ሲያልፍ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) መኖሩን ይጠቁማል። መለኪያ ከሌለ በጨርቅ የተጠቀለለው ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ መያዙ ይላላል። የምልክት ጉዳይ ሲሆን ግን ወሳኙ ከጀርባ ያለው ነው። ምልክት የሚገጠመው በቀዳዳ ስለሆነ፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ እጅ አስገብቶ በመስታወት ማየት ያስፈልጋል። በሌላ ቦታ ተበየዶ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ ምልክቱ ተቀይሯል። ቀዳዳው በፋብሪካ መብሻ የተበሳ ከሆነ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ የፋብሪካው ቀለምም ወደ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን ይሸፍነዋል፤ በጋራዥ መሠርሰሪያ የተበሳ ከሆነ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል፣ ባዶ ብረትም ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እውነተኛ ስህተት ነው» ለማለት የቤተሰብ ማስረጃ ቢጨመር ጥሩ ነው። ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሡ የድሮ ፎቶግራፎች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በሠርግና በክርስትና ቀን መኪና አጠገብ ያልቆመ የለምና። እትዬ ከሣጥናቸው ያወጡት ፎቶግራፍ ላይ አባታቸው በሙሉ ልብስ ፓራፋንጎውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በማጉያ መነጽር ስናየው ከክንዳቸው ስር «5» የምትለዋ ቁጥር ግማሽዋ ትታያለች።

የእኛ ሰው እጅ

አዲስ አበባ የኖረ መኪና የአዲስ አበባ እጅ አለበት፤ ይህን ከፋብሪካው እጅ መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሙስታንጓን ያየው መካኒክ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሁለቱን የሾክ ማማዎች ከግድግዳው ጋር የሚያያይዝ አንድ ወጥ ላሜራ አይቶ «ይኼንን እዚህ ነው የሠሩት፤ መንገዱን ፈርተው ያጠናከሩት ነው» አለኝ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት ሙስታንጎች በዚያ ቦታ ሁለት የተለያዩ ቀጫጭን ድጋፎች ስለነበሯቸው ግምቱ ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ነገር ግን አንድ ወጥ የሆነው ድጋፍ ወደ ውጭ ለሚላኩት የሚገጠም የፎርድ ዕቃ ነው፤ የቲ-5ም መለያ ነው። የፍጥነት መለኪያው በኪሎ ሜትር መሆኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

በካርቡሬተሩ ላይ ግን መካኒኩ ትክክል ነበር። ነዳጅ የሚያልፍባቸው ትንንሾቹ የነሐስ ቀዳዳዎች ከፋብሪካው መጠን ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ስለሚያጣ፣ እዚህ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጎድሎበታል፤ አየሩ ስለሳሳም የባሕር ዳርቻው የነዳጅ መጠን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። የቀድሞ መካኒኮቻችን ቀዳዳውን በማሳነስ ይህን አስተካክለውታል። ይህ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፣ የጋራዥ ጥፋትም አይደለም፤ በደብተር ተመዝግቦ እንዲቆይ ነው የምመክረው።

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዕቃን መለየት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ቡሎን በሚሊ ሜትር ሲለካ አሜሪካ ሠራሹ በኢንች ይለካል። ስለዚህ ባለ 13 ቁልፍ ልክ የገባበት ቡሎን ዲርቦርንን አያውቃትም። ዝገትን በተመለከተ ዕድለኞች ነን፤ እንደ አሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች መንገዳችን ላይ በክረምት ጨው አይበተንም፤ ስለዚህ የእኛ አሮጌ መኪኖች ወለል በአብዛኛው ከእነርሱ የተሻለ ነው። ከሐምሌና ከነሐሴ ጭቃ የተረፈው በፓራፋንጎ ውስጥ ስለሚከማች ግን እዚያ በእጅ መዳበስ ይገባል።

ምን ይስተካከል፣ ምን ይተው?

የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ጎማና ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለ ጥያቄ ይቀየሩ፤ የወጡት ዕቃዎች ምልክት ተደርጎባቸው በካርቶን ይቀመጡ። ኦርጅናል ነው ተብሎ በ1966 የፍሬን ቱቦ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሰው አንድ ነገር ቢደርስበት የሚያዝንለት አያገኝም።

የቀረውን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ስህተት መሆኑ የተረጋገጠም ሆነ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ባለበት ይቆይ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የጠብታዋን ታሪክ የሚመልስ የለም። በውድድር ለማቅረብ የሚያስብ ሰው ግን መለኪያው እንደየማኅበሩ መለያየቱን ይወቅ። በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር ዳኞች የሚያወዳድሩት ከመደበኛው የፋብሪካ ምርት ጋር ነው፤ ስለዚህ ያልተለመደ ነገር እውነተኛ ስህተት ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ማስረጃ ካልያዘ ነጥብ ሊያስቀንሰው ይችላል። የአሜሪካ ጥንታዊ አውቶሞቢሎች ክለብ ደግሞ ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች ራሱን የቻለ ምድብ አለው፤ በዚያ ምድብ ያረጀው ቀለም የሚያስከብር ነው። በአንጻሩ ከፋብሪካው በላይ እያብለጨለጩ፣ ክፍተታቸው ሁሉ በሚሊ ሜትር ተስተካክሎ የሚታደሱ መኪኖች አሉ፤ ያምራሉ፣ ለዓይንም ደስ ይላሉ፤ ሲወጡ ግን እንደዚያ አልነበሩም። ሆን ብሎ የፋብሪካ ስህተት አስመስሎ መሥራት ደግሞ ከማታለል የሚለይበት ነገር የለም።

ሲሸጥ የሚጻፈው ቃል እንደ ደብተሩ ይሁን። የታየው፣ የተገመተውና ያልታየው ተለይቶ ይጻፍ፤ «ሙሉ ኦርጅናል» የሚለው ቃል ከማስታወቂያው ይውጣ። እትዬ ላወጡት ማስታወቂያ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠን የጻፍነው እንዲህ ይነበባል፦ «የ1966 ፎርድ ቲ-5፤ ከጀርመን ገበያ። የሻንሲ ቁጥሩና የበሩ ሳህን ይስማማሉ። የሾፌሩ በር ከተሠራ ጀምሮ አልተፈታም ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱን ላይኛው ማጠፊያ ስር እናሳያለን። የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎ ስቱኮ አለበት። ካርቡሬተሩ ለአዲስ አበባ ከፍታ ተስተካክሏል፤ የመጀመሪያዎቹ የነሐስ ቀዳዳዎች አልተገኙም። የፍሬን ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው፤ አሮጌዎቹ በካርቶን አሉ።»